ቀይ ደረት ያላት ጦጣ

ጦጣዋን መጀመሪያ ያየኋት በመጋቢት ወር፣ ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ ከሚወስደው መንገድ ወረድ ብሎ ባለ አንድ የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ነው። የወይራ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ቅጠል ትለቅማለች። ፊቷ እንደማንኛውም ያገራችን ጦጣ ጥቁር ነው፤ ግንባሯ ላይ ነጭ መስመር፣ ጉንጮቿ ላይ ወደ ኋላ የተበጠረ የሚመስል ነጭ ጸጉር አላት። እስከዚህ ድረስ አዲስ ነገር የለም። ዞር ስትል ግን ደረቷን አየሁት። ነጭ መሆን የነበረበት ደረቷ ከአገጯ እስከ ሆዷ ቀይ ነው፤ የሸክላ ዓይነት ቀይ። የርቀት መነጽሬን ከዓይኔ አወረድኩና መልሼ አነሣሁት።

ያኔ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበርኩ። ጓደኞቼ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን አገባደው ሲያስጠርዙ እኔ ገና ርዕስ አላጸደቅኩም። አማካሪዬ ወረቀቴን ሁለት ጊዜ መልሰውልኛል። «ስለ ጦጣ ምን አዲስ ነገር ልትነግረን ነው?» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነበር። ጦጣ የሌለበት ቆላም ደጋም የለም። ገበሬው በወንጭፍ ያባርረዋል፣ ልጅ ይስቅበታል፣ ከዚያ ያለፈ ማንም ስለሱ አይጨነቅም።

ለሚያጠኑት ሰዎች ግን የጦጣ ነገር እንደ ርስት ክርክር ነው። ቀድሞ በመላው አፍሪካ ያሉትን እንዲህ ያሉ ትናንሽ ጦጣዎች በአንድ ስም ጠቅልለው ይጠሯቸው ነበር። ኋላ ሌሎች ተነሥተው ለያዩዋቸው። አንዱ ስድስት ዝርያ ናቸው ይላል፤ ሌላው የለም፣ ዝርያው አንድ ነው፣ መልኩ ነው የሚለያየው ይላል። በባሌ በኩል ቀርከሃ እየበላ የሚኖረውም ራሱን የቻለ ዝርያ የተባለው ከሌሎቹ ተለይቶ ነው። የሚለዩበት ነገር ደግሞ ትንሽ ነው፤ የጉንጭ ጸጉር ርዝመት፣ የጀርባ ቀለም፣ የጭራ ጫፍ። ታዲያ እኔ ቀይ ደረት አገኘሁ። ማንም ያልጻፈው ቀይ ደረት። ለአንድ እንስሳ አዲስ ስም ያወጣ ሰው የራሱ ስም ከዚያ ስም ኋላ ተጽፎ ይኖራል። ያን ቀን ከደኑ እስክወጣ ድረስ ስሜን ከላቲን ቃል ኋላ እያስቀመጥኩ ሳነበንብ ነበር።

ማደሪያ የሰጡኝ የደኑን ቅጥር ተጠግተው የሚኖሩ አንዲት ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። እትዬ እያልኩ ነበር የምጠራቸው፤ እዚህም እንዲሁ ልበላቸው። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሲስቁ አፋቸውን በነጠላ ጫፍ የሚከልሉ ሴት ነበሩ። አብራቸው ያለችው ስምንተኛ ክፍል የምትማር የመጨረሻ ልጃቸው ብቻ ናት። በቤታቸውና በደኑ መካከል፣ ከምንጭ በተጠለፈ ውኃ የሚጠጣ የድንች ማሳ አለ። ገብሱ አልቆ አዲሱ እህል እስኪደርስ ድረስ ያለው ክረምት የሚታለፈው በዚያ ድንች ነው። ይህን እትዬ በመጀመሪያው ቀን ነግረውኛል፤ አላውቅም ነበር ልል አልችልም።

ማሳው መሀል በአራት እንጨት ላይ የቆመ ማማ ነበር። ልጅቷ በሳምንት ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት እየቀረች እዚያ ላይ ወጥታ ጦጣ ትጠብቃለች። በቀሩት ቀናት እናትየው ይጠብቃሉ። ጦጣ እንደ ወፍ በጩኸት ብቻ የሚሄድ አይደለም፤ አንዷ ቅጥሩ ላይ ወጥታ ሰው መኖሩን ታያለች፣ ሰውየው ለውኃ ሽንት ዞር ሲል ሌሎቹ ገብተው ጨርሰው ይወጣሉ።

ስለ ቀይ ደረቷ የጠየቅኳቸው ድንች ሲኮተኩቱ ነው።

«እትዬ፣ እዚህ ደን ያሉት ጦጣዎች ደረታቸው ለምን ቀላ?»

«የትኞቹ?»

«ያቺ ትልቋ። ሌሎችም ሁለት አይቻለሁ።»

ቀና ብለው ሳቁ። «እሱማ የአፈር ነው፣ ልጄ። ወዲያ ማዶ ከገደሉ ሥር ቀይ አፈር አለ። በጋ በጋ እየሄዱ ይልሱታል። ደረታቸውን ለጥፈው ነው የሚልሱት። ሰኔ ገብቶ ዝናብ ሲመታቸው ይጠራሉ።»

«ሁሉም አገር ያለ ጦጣ አፈር ይልሳል። ሁሉም ግን አይቀላም» አልኳቸው።

«እንግዲህ አንተ ተምረሃል» አሉና ጎንበስ ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ገደሉ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ሄጄ አላየሁትም። ያሉትንም ደብተሬ ላይ አልጻፍኩትም። ሌላውን ሁሉ እጽፍ ነበር፤ ስንት ሰዓት ላይ ከዛፍ እንደወረዱ፣ ማን የማንን ቅማል እንደለቀመ። የእትዬን ቃል ግን አልጻፍኩም። ብሄድ የማየውን ነገር ፈርቼ ይመስለኛል።

ችግሬ ጦጣዎቹ ሰው አለማስጠጋታቸው ነበር። ወንጭፍ የለመዱ ናቸው፤ እጄን ወደ ካሜራው ስሰድ ሁሉም ቅጠል ውስጥ ይገባሉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያነሣሁት ፎቶ ጭራና ጀርባ ብቻ ሆነ። ከዚያ አንድ ቀን ማማው ላይ ተቀምጬ ድንቹን ሳይ አሰብኩት። ማባበያው እዚሁ ፊቴ ነው። ሰው ባያባርራቸው በየቀኑ ይመጣሉ፤ ሜዳ ላይ፣ በሙሉ ብርሃን፣ ከእኔ በአሥር እርምጃ።

«እትዬ፣ ለጥቂት ሳምንት ባያባርሯቸውስ?» አልኳቸው።

ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ። እንዳልቀለድኩ ሲያዩ ግን ፈገግታቸው ጠፋ። «ድንቹስ?»

«ወረዳው የሽቦ አጥር ሊያድል ነው። ጥናት የሚካሄድበት ማሳ ቅድሚያ ያገኛል። እኔው ራሴ አስመዘግብዎታለሁ።»

እንዲህ ያለ ሽቦ አልነበረም። ማንም አልነገረኝም፣ የትም አላነበብኩም። ከአፌ የወጣው ሳልዘጋጅበት ነው፤ ከወጣ በኋላ ግን እውነት እንዲመስል ቁመቱን ሁሉ ነገርኳቸው። «ከሰው ቁመት በላይ ነው» አልኩ።

እትዬ ወዲያው እሺ አላሉም። ነጠላቸውን አጣፍተው ቄሰ ገበዙ ዘንድ ሄዱ። ቄሰ ገበዙ የቤተ ክርስቲያኑም የደኑም ኃላፊ ናቸው፤ ያለሳቸው ፈቃድ ከዚያ ደን ደረቅ እንጨት አይነሣም። እኔንም ደኑ ውስጥ እንድገባ የፈቀዱልኝ እሳቸው ናቸው። ከሰዓት በኋላ እትዬ ተመልሰው መጡ።

«አባ የተማረ ሰው ለእንዲህ ያለ ነገር አይዋሽም አሉኝ» ብለው ወንጭፉን ከማማው ላይ አወረዱት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት በሕይወቴ ከሠራሁባቸው ጊዜያት ሁሉ የተሳኩ ነበሩ። በአራተኛው ቀን መንጋው በሙሉ ማሳው ውስጥ ነበር። ቆጠርኳቸው፣ ቁጥር ሰጠኋቸው። ቀይ ደረቷ ሰባት ቁጥር ሆነች። የተጠበሰ ሽምብራ በኪሴ እየያዝኩ ስወረውርላት ከሁሉም ቀድማ ለመደችኝ። በመጨረሻ ከእጄ መዳፍ ትወስድ ጀመር። ጣቶቿ ቀዝቃዛና ደረቅ ነበሩ፤ ስትወስድ ዓይኔን አታይም፣ ጉንጯን ሞልታ ትሄዳለች።

ድንቹን ግን ጦጣዎቹ ግንዱን ይዘው እየነቀሉ፣ አንዱን ነክሰው ሌላውን እየጣሉ ይሄዱበት ነበር። እትዬ ማታ ማታ የተጣለውን በቅርጫት ይለቅማሉ። ፍሬው ገና የልጅ አውራ ጣት ነው የሚያክለው። ቀቅለው ለእኔም ያቀርቡልኝ ነበር፤ እበላ ነበር።

ከሁሉ የተደሰተችው ልጅቷ ናት። ጥበቃው ስለቀረ አንድም ቀን ሳትቀር ትምህርት ቤት ትሄድ ጀመር። ከሰዓት ስትመለስ ደብተሯን ይዛ እኔ ወዳለሁበት ትመጣለች። የሳይንስ መምህሯ እንስሳትን መመደብ እያስተማሯቸው ነበር።

«ጋሼ፣ ጦጣና ዝንጀሮ አንድ ቤተሰብ ናቸው ይላል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ጉና ላይ ያለው ጭላዳስ?»

«እሱም።»

«እና ለምን አብረው አይበሉም?» አለችና የራሷ ጥያቄ አሳቃት። በዚያ ሰሞን ፈተና ከክፍሏ ሦስተኛ ወጣች። ከዚያ በፊት ደረጃ ውስጥ ገብታ አታውቅም። እትዬ ወረቀቱን ማንበብ ባይችሉም አጥፈው ሙዳያቸው ውስጥ አስቀመጡት።

ስለ ሽቦው ሦስት ጊዜ ጠይቀውኛል። በመጀመሪያ «ተመዝግቧል» አልኳቸው። ሁለተኛ «ባሕር ዳር ደርሷል» አልኳቸው። ሦስተኛውን ጊዜ መንገድ በመዘጋቱ አሳበብኩ። መንገዱ በርግጥ ተዘግቶ ነበር፤ በዚያ ሰሞን መኪና አንድ ሳምንት ሄዶ ሁለት ሳምንት ይቆማል፣ ኔትወርክም ጠፍቶ ነበር። ሰው ሁሉ በመንገዱ ሲያዝን እኔ በሆዴ ደስ ብሎኛል።

አንድ ቀን ጉብታው ጫፍ ወጥቼ ኔትወርክ አገኘሁና አማካሪዬ ጋ ደወልኩ። ስለ ቀዩ ደረት በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ፎቶ አይበቃም፤ ብርሃን ያታልላል» አሉ። «ጸጉር አምጣ። ቢቻል ቆዳ። ሞቶ ያገኘኸው ካለ።»

«ሞቶ የለም።»

«እንግዲያው ጠብቅ» ብለው ሳይጨርሱ ተቋረጠ።

ግንቦት ሲጋመስ ማሳው ውስጥ የቆመ ግንድ የሚቆጠር ብቻ ቀረ። አንድ ማለዳ እትዬ ለማንም ሳይናገሩ ተነሥተው በእግራቸው ደብረ ታቦር ሄዱ። የሄዱት ግብርና ቢሮ ነው። የተመለሱት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነበር። ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ደብተሬን ሳስተካክል ከፊቴ መጥተው ቆሙ። ጫማቸው አቧራ ለብሷል።

«የሚያውቅህ የለም» አሉኝ።

ደብተሬን ከደንኩት።

«ሽቦም የለም። አልነበረም። ቢሮው ያለው ልጅ ሳቀብኝ። እናት፣ ሽቦ ቢኖር እኛስ ቤት አናጥርበትም ነበር አለኝ።»

«እትዬ፣ በሌላ በኩል...»

«ተው» አሉ። አልጮኹም። «ራትህን እዚያ ከድኜዋለሁ፤ ብላ።» ገቡ። የተከደነው ያው የጦጣ ትራፊ ድንች ነበር።

በማግሥቱ ከቤት ስወጣ እትዬና አንድ ጎረቤታቸው ማሳው ጥግ ተደፍተው አገኘኋቸው። ሌሊቱን ወጥመድ አኑረው ነበር። በጋቢ ጠቅልለው የያዙት ነገር ይፍጨረጨራል። ስጠጋ ጭንቅላቷ ብቅ አለ። ሰባት ቁጥር ናት። ከቀሩት ግንዶች ወደ አንዱ ቀድማ የመጣችው እሷ ነበረች፤ ሰው መፍራትን ያስረሳኋት እኔው ነኝ።

«ምን ልታደርጓት ነው?»

«ያባቶቻችንን» አለ ጎረቤትየው እየሳቀ። ጉልበቱን ደረቷ ላይ አድርጎ ይዟታል። እትዬ ከጉያቸው በቅሎ አንገት ላይ የሚታሰር ቃጭል አወጡ። በእርጥብ ጠፍር አንገቷ ላይ አሰሩት፤ ቋጠሮውን በጥርሳቸው ስበው አጠበቁት። እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ እንደሚኮማተር ለማንም ገበሬ አይነገርም። ጦጣዋ አፏን ከፍታ ነበር፤ ድምፅ ግን አልወጣትም።

«ሂጂ» አሏት እትዬ። «ሂጂና ለዘመዶችሽ ንገሪ።»

ሲለቋት ቀጥ ብላ ወደ ደኑ ሮጠች፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ቃጭሉ ይጮኻል። መንጋው ቅጥሩ ላይ ሆኖ ያይ ነበር። ድምፁን ሲሰሙ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተበተኑ። ወደ እነሱ ሮጠች፤ ሸሹ። ዛፍ ወጣች፤ ከዛፍ ወረዱ። ቆም ስትል ቃጭሉም ዝም ይላል፤ እነሱም ይቆማሉ። አንድ እርምጃ ስትራመድ ይጮኻል፤ እነሱም ይሮጣሉ። መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ያያል። «ሙሽሪት መጣች!» ይላል አንዱ። ልጆች ይንከባለላሉ። ከቅዳሴ ወጥተው የሚመለሱ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ሲስቁ አይቻለሁ። ያልሳቅነው እትዬና እኔ ነን። እሳቸው ማሳቸውን ያያሉ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ደብተሬን አውጥቼ እንዲህ ጻፍኩ፦ አንድ ሰዓት ከሃያ፣ መንጋው ሸሸ። አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሸሸ።

በሁለተኛው ቀን መንጋው ደኑን ለቅቆ ወደ ገደሉ ወረደ። እሷ ተከተለች፤ ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ተመለሰች። ግንባሯ ላይ የንክሻ ቁስል ነበራት። የነከሳት ማን እንደሆነ አላየሁም፤ ከመንጋው አንዱ ይመስለኛል። በሦስተኛው ቀን እኔ የተቀመጥኩበት ድንጋይ ድረስ መጣች። በክንድ ርቀት ላይ ቁጭ አለች። ሽምብራ ዘረጋሁላት፤ ተቀበለች፣ ግን መዋጥ አቃታት፤ ጉንጯ ውስጥ ይዛ ቆየችና ተፋችው። ጠፍሩ ደርቆ ጸጉሯ ውስጥ ገብቷል። ይህንንም ጻፍኩ።

እትዬ ከኋላዬ መጥተው ቆመው ኖሯል።

«ፍታላት» አሉኝ።

ዞር አልኩ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ተናድጄ ነው ያደረግኩት። ሰው ላይ መናደድ ሲገባኝ እሷ ላይ ተናደድኩ። ሌሊቱን ሙሉ ቅጥሩ ላይ ያንቃጭላል፤ ልጅቷም አልተኛችም። ለእኔ አትቀርብም። ለአንተ ትቀርባለች። ቢላው ይኸው፤ ቁረጥላት።»

የድንች መላጫ ቢላቸውን ዘርግተውልኛል። ጦጣዋ አጠገባችን ነበረች። እጄን ብዘረጋ እደርስባታለሁ። ይህን ሁሉ በዚያ ቅጽበት አውቄዋለሁ። ያወቅኩት ሌላም ነገር ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ቀን በቀን፣ ሰዓት በሰዓት የመዘገበ ሰው እንደማላውቅና አማካሪዬ «ምን አዲስ ነገር» ሲሉ የምሰጠው ሁለተኛ መልስ እጄ ላይ እንዳለ። አማካሪዬ «ሞቶ ያገኘኸው ካለ» ማለታቸውንም አልረሳሁም።

«ሁለት ቀን ይስጡኝ» አልኳቸው። «መንጋው ይቀበላት እንደሆነ ልይ።»

«አይቀበላትም።»

«አይታወቅም።»

«አንተ እናት አለችህ?» አሉኝ። አለችኝ አልኳቸው። ቢላውን ይዘው ሄዱ።

ሁለት ቀን አልሞላም። በማግሥቱ ረፋድ ላይ የመንደሩ ውሾች አገኟት። ጦጣ ከውሻ የምታመልጠው ተደብቃ ነው፤ እሷ መደበቅ አትችልም። ከደኑ በታች ባለው የግጦሽ ሜዳ ላይ ቃጭሉ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ሄዶ ቀጥ አለ። ስደርስ ውሾቹ ዙሪያዋን ነበሩ። በድንጋይ አባረርኳቸው። አልሞተችም ነበር። ዓይኗ እኔ ላይ ሆኖ ጥቂት ቆየችና ሞተች። ያን ሰዓት አልጻፍኩትም፤ ደብተሬን ቤት ረስቼው ስለነበር ነው እንጂ እጽፈው ነበር።

በጋቢዬ ጠቅልዬ ወሰድኳት። ገፍፌ ቆዳውን በጨው ማድረቅ ነበረብኝ፤ ከዚያ በፊት ደሙን ማጠብ። እትዬን ሳፋና ውኃ ለመንኳቸው። አቀረቡልኝና የደጁን መቃን ተደግፈው ቆሙ። ደረቷን ውኃው ውስጥ ነክሬ በእጄ አሸት አሸት አደረግኩ። መጀመሪያ ደም መሰለኝ። ደም ግን እንደዚያ አይደለም፤ ወፍራም ነበር፣ ጣቴ መሀል ይሻክራል፣ ሳፋው ታች ይዘቅጣል። አፈር ነው። እንደገና አሸሁ። ቀዩ እየለቀቀ ከሥሩ ነጩ ጸጉር ወጣ፤ ከአገጯ እስከ ሆዷ፣ እንደማንኛውም ጦጣ ነጭ። ተንበርክኬ እጄ ሳፋው ውስጥ እንዳለ ቀረሁ።

እትዬ ነግሬህ ነበር አላሉም። ብዙ ጊዜ ቆመው አዩኝና፣

«ውኃውን ማሳዬ ላይ እንዳትደፋው» ብለው ገቡ።

በሳምንቱ መንገድ ሲከፈት ወጣሁ። ልሰናበታቸው ስገባ ልጅቷ መደብ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ቀና አላለችም። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና በደረሰበት በሰኔ፣ ወደ ወረታ ለሰው ቤት ሥራ እንደተላከች ኋላ ከቄሰ ገበዙ ሰማሁ። ክረምቱን ሁለት ሰው የሚያሻግር ነገር ቤት ውስጥ አልነበረም። ቄሰ ገበዙ ይህን የነገሩኝ ስልክ ደውዬ ስለ ዝናቡ ስጠይቃቸው ነው። ስለ ዝናቡ የጠየቅኩት ወሬውን ወደ መንጋው አዙሬ፣ ወደ ደኑ መመለሱን ለማወቅ ነበር። ተመልሷል አሉኝ።

የመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ ተለወጠ። አንድ ባዕድ ድምፅ በጦጣ መንጋ ማኅበራዊ ኑሮ ላይ ስለሚያደርሰው ነገር ጻፍኩ። ቃጭሉን ያሰረው «የአካባቢው ነዋሪ» ነው ይላል። ለምን እንዳሰረ አይልም። መርማሪዎቹ ከጽሑፉ የወደዱት የሰዓት ምዝገባውን ነው። «ይህን የሚያህል ትዕግሥት በወጣት ተመራማሪ አናይም» አሉ። እጅግ በጣም ጥሩ ሰጡኝ፤ በዚያ ውጤት አሁን የማስተምርበትን ሥራ አገኘሁ። ለተማሪዎቼ ምደባ የማስተምረው እኔ ነኝ። የዚያ ደን ጦጣ ምን ዓይነት ነው ብለው ቢጠይቁኝ፣ ተራው ያገራችን ጦጣ፣ ከመጀመሪያው ስም የነበረው ነው እላቸዋለሁ።

እትዬን ከዚያ በኋላ ያየኋቸው አንድ ጊዜ ነው፤ በሁለተኛው ዓመት፣ ደብረ ታቦር ቅዳሜ ገበያ። ጨው የሚሸጥ ነጋዴ ፊት ቆመው ነበር። ልሸሽ አስቤ ነበር፤ ቀድመው አዩኝ።

«እንደምን ከረምክ» አሉኝ። ጉንጫቸው ጎድጉዷል።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቱስ?»

«አለሁ። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቼዋለሁ። ጉልበት የለም።»

ስለ ልጅቷ ጠየቅኳቸው። ከወረታ ባሕር ዳር እንደሄደች፣ ከዚያ ወዲያ ወሬዋ ከጠፋ ዓመት ሊሞላው እንደሆነ ነገሩኝ። የነገሩኝ እንደ ማንኛውም ወሬ ነው፤ ጨዋቸውን እያስቋጠሩ። አፌ መቶ ነገር ሊናገር ተከፈተ። ልፈልጋት እችላለሁ አልኩ፤ ባሕር ዳር የማውቃቸው ሰዎች አሉ፣ ትምህርቷን እንድትቀጥል አደርጋለሁ አልኩ። ስናገር ድምፄን ሰማሁት፤ ስለ ሽቦው ቁመት የነገርኩበት ድምፅ ነበር።

እትዬ እስክጨርስ ድረስ በትዕግሥት ጠበቁኝ።

«ስልክ ቁጥሬን ልጻፍልዎት» አልኩ።

«ስልክ የለኝም።»

«ለሰው ሰጥተው ያስደውሉልኛል።»

«እሺ» አሉ።

ወረቀት ፈልጌ ኪሴን ዳበስኩ። እስክሪብቶ ነበረኝ፣ ወረቀት አጣሁ። ነጋዴውን ጠየቅኩት፤ ከካርቶን ቀዶ ሊሰጠኝ ጎንበስ ሲል እትዬ የቋጠሩትን ጨው አንሥተው በሰው መሀል ሄደዋል። ነጋዴው የቀደደውን ካርቶን ይዞ አየኝ። ልከተላቸው እችል ነበር፤ ነጠላቸው እስከ እህል ተራው ድረስ ይታየኝ ነበር። አልተከተልኩም። ቆሜ ሳያቸው የተሰማኝን ነገር እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም፤ ቀለል ብሎኝ ነበር። ካርቶኑን ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩና ወደ ባጃጅ ተራ ሄድኩ።